ለመዓዛው ነው የምንከፍለው፦ ውድ የፂም ክሬም ያዋጣል?

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልናገር። ፂም በደንብ እንዲላጭ ውድ ክሬም አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት ደስ የሚል መዓዛ እየሸተታችሁ መላጨት ከፈለጋችሁ ግን ያዋጣል። እኔም ገዝቼ እጠቀማለሁ፣ ሲያልቅም ደግሜ እገዛለሁ። ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ግን ከክሬሙ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ ውሃው። ውሃው ካልተስተካከለ ምንም ያህል ብር ብታወጡ ክሬሙ የሚገባውን ሥራ አይሠራላችሁም።

ይህን የምጽፈው ጥያቄው ስለበዛብኝ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሽቶና ቅባት የሚሸጡ ሱቆች መደርደሪያ ላይ እነዚህ ባለ ክዳን ጎድጓዳ የውጭ ክሬሞች አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ሻንጣው ውስጥ ይዞ ይመጣል። ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ ፊቱ ይፈካል፣ ከዚያ ዋጋውን ይሰማል። "አቦ፣ ለሳሙና ነው ይሄ ሁሉ ብር?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ብሩን ምን ላይ እንደሚያውል የሚጠይቅ ሰው በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል።

እስቲ መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ ያለውን እንይ። ውዱን ክሬምና ተራውን የቲዩብ ክሬም ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጀርባቸው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ቃላት ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፦ ውሃ፣ ስቴሪክ አሲድ፣ ከኮኮናት የተገኘ የቅባት አሲድ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ግሊሰሪን። በቃ፣ ቅባትና አልካሊ ተዋህደው የሠሩት ለስላሳ ሳሙና ነው። ስቴሪክ አሲዱ አረፋውን ያወፍረዋል፣ ቶሎ እንዳይወርድም ይይዘዋል። የኮኮናቱ አረፋው ቶሎ እንዲመጣ ያደርጋል። ፖታሲየሙ ሳሙናው እንደ ልብስ ሳሙና እንዳይደርቅ ይረዳል። ግሊሰሪን ደግሞ ውሃ ይይዛል። እነዚህ ስሞች የሚደረደሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ ፓርፉም (መዓዛው) የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው አካባቢ ታገኙታላችሁ። በመጠን ትንሽ ነው። ዋጋውን የሚያንረው ግን እሱና የፋብሪካው ስም፣ ከዚያም ማሸጊያው ነው።

ስሙ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ትሩፊት ኤንድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1805 ለንደን ውስጥ በፀጉር ቤትነት የተጀመረ ነው። ቴይለር ኦፍ ኦልድ ቦንድ ስትሪትም እዚያው ለንደን በ1854 ተከፈተ። ፕሮራሶን የሚያመርተው የፍሎረንሱ የማርቴሊ ኩባንያ ደግሞ ከ1908 ጀምሮ አለ። የእንግሊዞቹ ሥራቸውን የጀመሩት በወንበር ላይ የተቀመጠ ደንበኛ እያስተናገዱ ነው፤ ሙያው ከፋብሪካ ሳይሆን ከፀጉር ቤት የመጣ ስለሆነ ክሬማቸው ላይ ይታያል። ጥቅጥቅ ያለ ነው። ትንሽ ወስዳችሁ ብዙ አረፋ ይወጣዋል። ከቆርቆሮ ተጭኖ ከሚወጣው ፎም ጋር ካስተያያችሁት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ፎሙ አብዛኛው አየር ስለሆነ በተለይ በግንቦት ሙቀት አንዱን ጉንጭ ሳትጨርሱ ሌላው ላይ ይደርቃል። ከጥሩ የቲዩብ ክሬም ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ለምሳሌ ከቱርኩ አርኮ ጋር ብታወዳድሩልኝና አፍንጫዬን ይዤ ብላጭ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ይከብደኛል።

ለምን መሰላችሁ? መላጨትን የሚያቀለው ዋናው ነገር ውሃ ነው። ደረቅ የፂም ፀጉር ጠንካራ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ምላጭም በቀላሉ ይቆርጠዋል። ይህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሞቅ ያለ ውሃ ያፋጥነዋል። ፊት ወዝ ካለው ውሃው እንደልቡ አይገባም፣ ስለዚህ አስቀድሞ መታጠብ ያስፈልጋል። የክሬሙ ሥራ ያንን ውሃ ፀጉሩ ላይ ይዞ ማቆየትና ምላጩ ሳይቧጥጥ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ይህን ሥራ ጥሩ ቲዩብም ይሠራዋል፣ ውዱም ይሠራዋል። ብዙ ሰው ግን ክሬሙን ቀብቶ ወዲያው ምላጭ ያነሳል፣ ሲያመው "ክሬሙ አይረባም" ይልና ወደሚወደደው ይሄዳል። ውዱንም ቀብቶ ወዲያው ምላጭ ያነሳል። ታዲያ ክሬሙ ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ውሃችን ልምጣ። የድሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የድሬ ውሃ ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው። ከሥር የኖራ ድንጋይ አለ፣ ውሃው በዚያ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። ድሬ ያደገ ሰው ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቃል። የሻወሩ ቀዳዳዎች እየተደፈኑ ውሃው ወደ ጎን ሲረጭ ያውቃል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ገላውን ታጥቦ ሲወጣ "ሳሙናችሁ ለምንድን ነው አረፋ የማይዘው?" ሲለው ሰምቷል። ሐረርም ከዚህ የራቀች አይደለችም፤ የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ወደዚያ ከሚወጣው ውሃ ብዙው በድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች በቧንቧ እየተገፋ ነው የሚደርሳት።

ሳሙናና ኖራ ያለው ውሃ አይስማሙም። ካልሲየሙ ሳሙናውን ይይዝና የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። መታጠቢያ ሳህን ዙሪያ የሚቀረው ግራጫ መስመር እሱ ነው። ስለዚህ ከክሬማችሁ የተወሰነው ገና አረፋ ሳይሆን ከውሃው ጋር ሲታገል ያልቃል፣ ፊታችሁ ላይ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ርካሹ ላይም ውዱ ላይም ያው ነው፤ ሁለቱም ሳሙና ናቸው። ለንደን ያለ ሰው ስለዚያ ክሬም ምንም ያህል ቢያወድስ የእናንተን ቧንቧ አያውቀውም። (ለነገሩ የለንደንም ውሃ ኖራ ያለበት ነው፣ እዚያም ያማርራሉ።)

ያመናችሁኝም ያላመናችሁኝም ይህን ሙከራ ቤታችሁ አድርጉ። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አምጡ። በሁለቱም የባቄላ ፍሬ የምታህል ክሬም አድርጉ፣ ከአንዱ ቲዩብ። በአንዱ ሳህን ጥቂት የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው ጥቂት ሃይላንድ ጠብ አድርጉበትና በብሩሽ ምቱ። የሃይላንዱ ብዙም ሳይቆይ ይወፍራል፣ ያብረቀርቃል። ብሩሹን ቀጥ አድርጋችሁ ስታነሱት አረፋው ሹል ሆኖ ይከተለዋል፣ ጫፉ ትንሽ ጎንበስ ይልና እዚያው ይቆማል፣ ሳህኑን ብታጋድሉትም አይፈስም። የቧንቧው መጀመሪያ ላይ የበለጠ አረፋ ያወጣ ይመስላል፤ ትልልቅ ነው፣ ነጭ ነው፣ ያታልላል። ጆሮ ጠጋ ብታደርጉ ግን ቸስ እያለ ሲፈነዳ ይሰማል። ቆይታችሁ ስታዩት ወርዷል፣ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ በጣት ሲነካ ሙጭጭ የሚል ነጭ ፍርፋሪ ቀርቷል። ያ ፍርፋሪ የእናንተ ብር ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ውሃውን አፍሉት፣ አሳርፉት፣ ነጩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን ብቻ ቀድታችሁ በጠርሙስ አስቀምጡ። ማፍላት ሁሉንም ባያወጣም ደህና አድርጎ ይቀንሰዋል። ለቡና ስታፈሉ ትንሽ ጨምራችሁ ማፍላት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ወይም ሃይላንድ ተጠቀሙ። ለአንድ ጊዜ አረፋ አንድ ሲኒ የማትሞላ ውሃ ትበቃለች፣ የግማሽ ሊትሩ ብዙ ያስኬዳል። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃም ለዚህ ሥራ ወደር የለውም፤ የመጀመሪያውን ብቻ አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ልቀቁት። ፊታችሁን የምትታጠቡበት የቧንቧ ውሃ ቢሆን ግድ የለም። ክሬሙን የምትመቱበት ውሃ ነው ዋናው።

ብሩሽ ደግሞ ግዙ። በእጅ የተቀባ ክሬም ውሃ አይጠግብም። ብሩሽ ውሃውን ከክሬሙ ጋር ያዋህዳል፣ የተኛውንም ፀጉር ቀስ አድርጎ ያነሳል። የሰው ሠራሽ ፀጉር ያለው ርካሹ ብሩሽ ይበቃል፣ እንዲያውም ቶሎ ስለሚደርቅ እሱን እመርጣለሁ።

ከውሃ ቀጥሎ ቆዳ ይመጣል። የእኛ ፂም አብዛኛው ከርዳዳ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ በታች ድረስ ሲቆረጥ ተጠማዝዞ ሲያድግ መልሶ ቆዳውን ይወጋል፣ አንገትና አገጭ ሥር ችፍ ችፍ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ እየጠቆረ ይቀራል። "ምላጭ አይስማማኝም" የሚሉት ወንድሞቼ አብዛኞቹ ችግራቸው ይኼ ነው። ይህን የትኛውም መዓዛ አያድነውም። ባለ ሦስትና ባለ አምስት ምላጩ መላጫ ደግሞ ያባብሰዋል፤ የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ይስበዋል፣ የኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። የሚሻለው አንድ ምላጭ፣ አዲስ ምላጭ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አንዴ ማለፍ፣ ቆዳን አለመወጠር ነው። ትንሽ ቢሻክር ይሻክር። በጣም ለሚቆጣው ሰው ምላጩን ትቶ በቶንዶስ ማሳጠር ይሻለዋል፣ ያኔ ክሬምም አያስፈልገውም።

ድሬ ውስጥ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ፂሜን የሚላጨኝ ትልቅ ሰው አለ። ጋሼ እለዋለሁ፣ የማወራው ግን አንተ እያልኩ ነው፤ በድሬ ደንብ ይህ ድፍረት አይደለም። ምላጩን ከነወረቀቱ አሳይቶኝ ነው የሚከፍተው። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ፊቴ ላይ ያደርግና ከጎረቤት ሱቅ ካለው ሰው ጋር ወሬውን ይይዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ያየው ሰው የረሳው ይመስለዋል። አልረሳም፣ እየጠበቀ ነው። ያንን የእንግሊዝ ክሬም ወስጄለት ከፍቶ ረጅም አሸተተው።

"ሽታው ይጣፍጣል፣" አለኝ። "ግን ልጄ፣ ምላጭ አፍንጫ የለውም።"

ልክ ነው። እሱ ራሱ የሚጠቀመው ቲዩብ ነው፣ ከእጁ የወጣ ሰው ፊት ግን ሲቆጣ አይቼ አላውቅም።

መዓዛን በተመለከተ ሌላም መባል ያለበት ነገር አለ። በቅባትና በሳሙና ሳቢያ ለሚመጣ የቆዳ አለርጂ ዋነኛ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ሽቶ ነው። የተላጨ ፊት ደግሞ ላዩ ስለተፋቀ የበለጠ ይደነግጣል። ውድ ክሬም ይህን አይቀንሰውም፣ መዓዛው ከበረታ እንዲያውም ሊጨምረው ይችላል። ጀርባው ላይ ሊናሉል፣ ሊሞኒን፣ ጄራኒዮል፣ ኩማሪን የሚሉ ስሞች ካያችሁ እነዚህ የመዓዛ ክፍሎች ናቸው፣ ፋብሪካው እንዲጽፋቸው የሚገደደውም አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ስለሚያመጡ ነው። ለብዙ ሰው ምንም አያደርጉም። ቆዳው የሚቆጣ ሰው ግን ፊቱን ከመቀባቱ በፊት ክንዱ እጥፋት ላይ ትንሽ ቀብቶ ይሞክር፣ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቅ። ያሳከከው ሰው መዓዛ የሌለውን ይግዛ፤ አሳክኮት እያለ ውድ ስለሆነ ብቻ አይቀጥል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አትግዙ የሚል ይመስላል። ታዲያ እኔ ለምን እገዛለሁ?

መዓዛ ስለምወድ። ይህ በቂ ምክንያት ነው፣ ማንም ሰው ሊያፍርበት አይገባም። እኛ እኮ በመዓዛ ያደግን ሰዎች ነን። ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ ስታልፉ ከአንዱ ቤት የቡና ዕጣን፣ ከሌላው ቤት ዑድ ይወጣል። ጁምዓ ቀን ከመስጊድ የሚወጣው ሰው አጠገባችሁ ሲያልፍ አታሩ ይቀድመዋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትገቡበት ቤት ገና ጫማችሁን ሳታወልቁ መዓዛው ይቀበላችኋል። ዕጣንና ከርቤው የሚለቀመው ከእኛው ምሥራቅ፣ ከሶማሌ ክልል ቆላ ጭምር ነው፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ለትልልቅ ሽቶ ቤቶች ይሸጣል። ለቤቱ፣ ለልብሱ፣ ለእንግዳው መዓዛ የሚያስብ ሕዝብ፣ ወንዱ ጠዋት ብቻውን መስታወት ፊት ለሚቆምባት ሰዓት መዓዛ ቢፈልግ ምን ያስደንቃል? ያቺ ሰዓት ስልክ የማይነሳባት፣ ልጅ ካልተነሳ ማንም የማይጠራችሁ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ሙቅ አረፋ ላይ ሰንደል ወይም ላቬንደር ሲሸት ቀኑ ሌላ ቀን ይሆናል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፣ እንዲህ ነው የሚሰማኝ።

ግን ምን እንደምትገዙ እወቁ። መዓዛው ለእናንተ ነው፣ ለሌላ ሰው አይደርስም። ክሬም ታጥቦ የሚሄድ ነገር ነው። ፊታችሁን አለቅልቃችሁ፣ ሸሚዝ ለብሳችሁ፣ ባጃጅ እስክትይዙ አብዛኛው ጠፍቷል። የሎሚና የብርቱካን ዓይነቱ ከሁሉ ቀድሞ ይተናል፤ የእንጨትና የሙጫ ዓይነቱ ትንሽ ይቆያል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ያፈጥናቸዋል። ሰው እንዲሸተው የፈለገ ሰው ብሩን ጥሩ ሽቶ ላይ ያውል። እንዲያውም ሽቶ የምትቀቡ ከሆነ ሁለቱ እንዳይጋጩ አስቡበት። ሰንደል ተላጭቶ ጣፋጭ ሽቶ የሚደርብ ሰው አጠገብ በሚኒባስ መቀመጥ ይከብዳል።

ሰንደል ስል አንድ ነገር ላንሳ። የማይሶር ሰንደል የሚባለው የሕንድ እንጨት በጣም ውድ ነው፣ ዛፉም በብዙ ተጨፍጭፎ ተመናምኗል። ስለዚህ ሰንደል ተብሎ የሚሸጥ አብዛኛው ክሬም ውስጥ ያለው መዓዛ በቤተ ሙከራ የተቀመመ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፣ ለዛፉም ይሻለዋል። ሻጩ "ንጹሕ የሰንደል ዘይት ነው" ብሎ ዋጋ ሊጨምርባችሁ ከሞከረ ግን አትቀበሉት። በዚህ ዋጋ አይገኝም።

ለሙቀታችን የሚስማማው የቱ ነው ካላችሁኝ የእኔ ምርጫ ሁለት ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሜንቶልና ባሕር ዛፍ ያለው፣ ልክ እንደ አረንጓዴው ፕሮራሶ። ሜንቶል ቆዳን በእርግጥ አያቀዘቅዘውም፤ ቅዝቃዜ የሚለየውን ነርቭ ይነካዋልና በርዶኛል ያሰኛል። ጠዋት ገና በሁለት ሰዓት ላብ ለሚጀምረው ሰው ይህም ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም ከእንግሊዞቹ ይቀላል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ጠዋቱ ሲቀዘቅዝ ሰንደሉ ወይም ላቬንደሩ ያምራል። ሐረር ለሚኖር ሰው፣ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ዓመቱን ሙሉ ቢጠቀምበት አይከብደውም። ቫኒላና ጣፋጭ ነገር ያለበትን ግን ለድሬ አልመክርም። በሙቀት ይከብዳል፣ ያንቃል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የተለመደው ጎድጓዳ ዕቃ 150 ግራም ይይዛል። በብሩሽ ለሚመታ ሰው ለአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይበቃዋል። ስለዚህ አንዱ ዕቃ ቢያንስ 100 ጊዜ ያስላጫል። ብራችን ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ 3000 ብር ተጠየቅኩ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትደነቁ። ያ ማለት ለአንድ ጊዜ 30 ብር ነው። ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። በሳምንት ሦስቴ የሚላጭ ሰው ከግማሽ ዓመት በላይ ይጠቀምበታል። እንዲህ ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም። ነገር ግን 3000 ብሩ የሚወጣው በአንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ለቤት የሚያስፈልግ ነገር ካለ ክሬሙ ይቆይ። ቲዩቡ ለአንድ ጊዜ ጥቂት ብር ብቻ ነው የሚወስደው፣ ፂሙንም እኩል ይላጫል። በቧንቧ ውሃ የሚመታ ሰው ደግሞ አረፋ ስለማይመጣለት ደጋግሞ እየጨመረ 100 የተባለውን 60 ላይ ይጨርሰዋል። ውሃውን ቀድማችሁ አስተካክሉ የምለው ለዚህም ነው።

ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት። ጥሩ ክሬም ወጥ ነው፣ በጣት ሲነካ ለስለስ ብሎ ቅርጹን ይይዛል። ውሃ ለይቶ ከላይ ካቆመ ወይም ጠርዙ ላይ ደርቆ ከተሰነጠቀ ፀሐይ ላይ ቆይቷል ማለት ነው። መዓዛውም ያኔ ደክሟል፣ የምትከፍሉት ደግሞ ለእሱ ነው። በላስቲክ ታሽጎ ከሆነና ሻጩ ካልከፈተላችሁ ለሙከራ የተከፈተ እንዳለው ጠይቁት። ሳይሸተት የተገዛ መዓዛ ብር መጣል ነው። ቤት ስታስገቡትም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ የሚያቃጥል ሻወር ቤት አታስቀምጡት። መኝታ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ። የቆርቆሮ ፎም የምትጠቀሙ ደግሞ በምንም ዓይነት መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ላዩ ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ይላል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ በድሬ ከዚያ ያልፋል።

አንዲት እህት የወንድሟ ሰርግ ደርሶ ይህን ክሬም ልግዛለት ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ለሙሽራ ከሆነ አዎ፣ ያለ ጥርጥር ግዢለት። ሰው በራሱ ብር የማይገዛው ነገር ነው ለስጦታ የሚሆነው። ሰንደሉን ምረጪ፣ አንድ ብሩሽና አንድ ፓኬት ጥሩ ምላጭ ጨምሪበት፣ ቆዳው የሚቆጣ መሆኑን ግን አስቀድመሽ ከእናትሽ ጠይቂ። ለአባት ከሆነ የለመደውን መዓዛ አታስቀይሪው፤ ብሩሹን ብቻ ስጪው፣ ይወደዋል።

ለራሳችሁ የምትገዙ ግን መጀመሪያ በቲዩብ ክሬም፣ በብሩሽና ፈልቶ ባረፈ ውሃ አንድ ወር ተላጩ። ከዚያ በኋላም መዓዛው ካማራችሁ ታይዋን ሂዱና አስከፍታችሁ አሽትቱ። ሁለት ሦስቱን እንጂ አሥሩን አታሽትቱ፣ አፍንጫ ይደክማል። ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል።